ያልተፈተሸው ኪስ

እኛ ላውንደሪ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ኪሱ ያልተፈተሸ ልብስ ውሃ አይነካም። ሕጉን ጽፎ ግድግዳ ላይ የለጠፈው አለቃችን ነው፤ ከልቧ የምታከብረው ግን አንዲት ሴት ብቻ ናት። ለዚህ ነው «ፈታሿ» ያልናት። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቀው የደሞዝ መዝገቡ ብቻ ነው።

እኔ ከፊት፣ ባንኮኒው ጋ ነኝ። ልብስ እቀበላለሁ፣ ቁጥር ጽፌ በመርፌ ቁልፍ አያይዛለሁ፣ «ይሄ እድፍ ከመምጣቱ በፊት ነበረ» እያልኩ ከደንበኛ ጋር እጨቃጨቃለሁ። እሷ ከኋላ፣ እንፋሎቱ ውስጥ ናት። ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ታነጥፈውና መጀመሪያ የደረቱን፣ ቀጥሎ የጎኑን፣ ከዚያ የኋላውን ኪስ በሁለት ጣቷ ትዳብሳለች። ያገኘችውን ትንሽ ፌስታል ውስጥ ከትታ፣ የልብሱን ቁጥር ጽፋበት ለእኔ ታመጣልኛለች። «ባለቤቱ ሲመጣ ስጪው» ትለኛለች፤ ሁልጊዜ ይችኑ ቃል። ቁልፍ አምጥታልኛለች፤ የሎተሪ ቲኬት አምጥታልኛለች፤ አንድ ጊዜማ የአንድ ሽማግሌ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከነሳቁ አምጥታልኛለች። የጋብቻ ቀለበታቸውን ካፖርት ውስጥ የረሱ አንዲት ሴትዮ ቀለበቱን ሲያገኙ እጇን ይዘው «ወልደሽ ሳሚ!» ብለው መረቋት። «አሜን» አለች። ሰው ሁሉ የሚመርቃት እንዲህ ነበር፤ ሌላ ምርቃት ያለቀ ይመስል። ወደ ሥራዋ ስትመለስ ፊቷ ርሶ ነበር፤ እንፋሎቱ ውስጥ ግን የሁላችንም ፊት ርጥብ ነው፤ ማን ይለየዋል።

አንድ ቀን ለጨዋታ ያህል «ይሄኔ የባልሽን ኪስ በቀን አምስቴ ነው የምትበረብሪው» አልኳት። ካውያውን አቆመችው።

«የባሌን ኪስ ነክቼ አላውቅም» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ የባዳ ኪስ ስዳብስ እውላለሁ። ቤቴ ገብቼም ከፈተሽኩ ባሌና ደንበኛ በምን ተለዩ?»

ባሏ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሄን ማውራት ይቀለኝ ነበር፤ ግን ክፉ አይደለም። ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን፣ ዕቃ ሠርቶ ዋጋ መጠየቅ የሚያፍር ሰው ነው። ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመት ሞላቸው፤ ልጅ ግን አልመጣም። ሐኪሙ መርምሮ ችግሩ «ከሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ ነው» አላቸው። መንገዱ አንድ ብቻ ነው አለ፤ እንቁላሏን አውጥቶ፣ ከሱ ዘር ጋር ላብራቶሪ ውስጥ አገናኝቶ፣ ፅንሱን መልሶ ማህፀኗ ውስጥ ማስቀመጥ። ለአንድ ሙከራ የተጠየቁት የእሷን የሁለት ዓመት ደሞዝ ነው። «ሙከራ» ነው የሚሉት። እኔ የደንበኛ ሸሚዝ ሞክሬ ባቃጥል ከደሞዜ ይቆረጣል፤ እነሱ ሞክረው ሳይሆን ሲቀር የሚቆረጠው ከእሷው ነው።

ያኔ ሰሞን አለቃችን የሚያብለጨልጭ ቦርሳ የያዘ የኢንሹራንስ ሰው አምጥቶልን ነበር። ሰውየው ካውያ ቢያቃጥለን፣ ወለሉ ቢያንሸራትተን፣ መጭመቂያው ጣት ቢወስድብን ምን እንደምናገኝ አስረዳን። ስብሰባ ላይ ትንፍሽ የማትለው ፈታሿ እጇን አወጣች።

«ልጅ ለማግኘት የሚደረግ ሕክምናስ?»

ወረቀቱን ገለጠ፣ ገለጠ። «እሱ እንኳ እንደ በሽታ አይያዝም፣ የኔ እህት። እንደ ጥርስ ማስነጣት ነው የሚታየው፤ በሰው ፍላጎት የሚደረግ ነገር ነው።»

ደሜ ፈላ። እሷ ግን «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ተቀመጠች። በኋላ አለቃችን ክፍያው በዛብኝ ብሎ ኢንሹራንሱን ጭራሽ ተወው። እንግዲህ እኛም ብንቃጠል በፍላጎታችን ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ሙከራ የከፈሉት ፍሪጅ የሚያመላልስበትን አሮጌ ፒክአፕ ሸጠው ነው። የሠርጓ የአንገት ሐብልና የጆሮ ወርቋም አብሮ ሄደ። ሁለት ክፍል የነበረውን ቤታቸውን ለቀው ከሱ የፍሪጅ መጠገኛ ሱቅ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ገቡ፤ በራቸው በተነቀለ ፍሪጆች መሃል ይተኙ ጀመር። ፅንሱ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደም መጣ። ነገሩ በዚሁ አለቀ፤ ፒክአፑም ሄደ፣ ወርቁም ሄደ።

ለሁለተኛው ሙከራ ሦስት ዓመት አጠራቀሙ። መርፌዎቹ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ነበረባቸው፤ ባሏ ከሞቱት ፍሪጆች ሁሉ አንዱን መርጦ፣ ሞተሩን ለውጦ፣ ውስጡ ቴርሞሜትር ሰቅሎ ለመርፌው ብቻ ሰጣት። የምሳ ሰዓቱን መርፌ የምትወጋው እኛ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነበር፤ በሩ ቁልፍ ስለሌለው እኔ በጀርባዬ ተደግፌ እይዝላታለሁ። ሆዷ በልዞ የአሮጌ ባንዲራ ቀለም ነበር የሚመስለው። በስተመጨረሻ ሁለት ጤነኛ ፅንሶች ተገኙ። እሷ ግን ከመድኃኒቱ ብዛት ሰውነቷ አበጠና ሐኪሙ አሁን ማስገባት አይቻልም አለ። ሁለቱ ፅንሶች በረዶ ውስጥ ይቀመጡ፤ ስትድን፣ የማስገቢያውንም ክፍያ ስታዘጋጁ ትመጣላችሁ አላቸው። እስከዚያው በየስድስት ወሩ የማስቀመጫ ይከፈላል። አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ነገራት። አርባ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ከእንግዲህ ከእሷ እንቁላል አይገኝም። ያሉት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«ሁለቱ» ነበር የምንላቸው። ጠዋት ስትገባ «ሁለቱ እንዴት አደሩ?» እላታለሁ።

«ደህና ናቸው፤ ትንሽ ብርድ ነው እንጂ» ትለኛለች። ትስቃለች። እኔም በሆዴ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያልኩ አብሬያት እስቃለሁ።

ባሏ ስለ ብርዱ አስረድቷት ነበር፤ ሙያው ነዋ! «የኛ ፍሪጅ መብራት ሲጠፋ ይቀልጣል። እነሱ ያሉበት መብራትም አይፈልግም፤ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። እዚያ የገባ ነገር አሥር ዓመትም ቢቆይ እንደገባ ነው። ቀን አይቆጥርም» ብሏታል። ይሄን ስትነግረኝ እንዴት እንደኮራችበት! ባሏ ስለ በረዶ የተናገረው ሁሉ ትክክል ነበር። ቀን የሚቆጥረው ክሊኒኩ ነው።

የዚያ ክሊኒክ ነጭ ካፖርቶች የሚታጠቡት እኛ ጋ መሆኑን ልንገራችሁ። በሳምንት ሁለቴ በከረጢት ይመጣሉ። እሷ ናት የምትተኩሳቸው፤ ኮሌታቸውን ቀጥ አድርጋ፣ እጅጌያቸውን እያስተካከለች። እኔ ብሆን ደረታቸው ላይ የካውያ ቅርጽ አትሜ ነበር የምልከው። እሷ ግን «ሐኪሙ ንጹሕ ሲለብስ እጁም ይጠነቀቃል» ትላለች።

ይሄን ሁሉ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለዘመድ የተነገረው ቤት ሊገዙ እያጠራቀሙ መሆኑ ነው። አፍ ዳገት አይፈራም፤ እውነቱ ቢወጣ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከቤት ቤት ሲዞር ሊውል ነው። አማቷ ግን ለቤቱም አልተኙላትም። «ቤት ቤት ትላላችሁ» አሏት አንድ እሑድ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ማን ሊኖርበት ነው?»

ገንዘቡ ባንክ የተቀመጠው በባሏ ስም ነበር፤ ደሞዟን በየወሩ ለሱ ትሰጠዋለች፣ እሱ ያስገባል። ክሊኒኩም የያዘው የሱን ስልክ ነው፤ የእኛን ስልኮች አለቃችን ጠዋት ሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ ስለሚቆልፍብን።

ታዲያ የማስገቢያው ገንዘብ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው የባሏ ታናሽ ወንድም በሞተር ሳይክል ዕቃ ሲያደርስ ተገጨ። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ያሠሩት ሰዎች «የምሳ ሰዓት ላይ ነው የተገጨኸው፤ እኛን አይመለከትም» አሉት፤ ኢንሹራንስ የሚባል የለውም። ሆስፒታሉ ደግሞ ገንዘብ ካልተያዘልኝ አላክምም አለ። እናትየው በቀጥታ ወደ ትልቁ ልጃቸው ሱቅ መጡ።

«የቤቱን ገንዘብ አምጣ» አሉት። «ቤት የትም አይሄድም። የወንድምህ እግር ግን ሊቆረጥ ነው።»

ምን ይበላቸው? የቤት አይደለም ቢል፣ የምን ነው ሊሉት ነው። ወንድሙን አሰበ፤ ሁለቱን አሰበ። በረዶ ውስጥ ያለ ነገር ይጠብቃል አለ በልቡ። በዚያው ቀን ባንክ ሄዶ አንድ ሳያስቀር አወጣው። የሁለቱም ማስቀመጫ እዚያው ውስጥ ነበር። ለሚስቱ «የወንድሜን ሕክምና አሠሪዎቹ ከፈሉ» አላት። እኛ ይሄን ያወቅነው ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ማስቀመጫው ትልቅ ገንዘብ አልነበረም፤ የእሷ የወር ከግማሽ ደሞዝ ነው። ግን በእጁ የሚገባውን ሁሉ የወንድሙ ሕክምና ቀሪ ይወስደዋል፤ ትንሿን ለማግኘት ትልቁን መናገር ሊኖርበት ነው። ጓደኞቹን ብድር ቢጠይቅ ሳቁበት። «አንተ የቤት ገንዘብ ይዘህ ከእኛ ትበደራለህ?» አሉት። ከክሊኒኩ ሦስት ጊዜ ተደወለለት። በአንድ ሐሙስ ቀን ደግሞ ደብዳቤ መጣ። ፈርሞ ተቀበለ፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ክፈሉ ይላል። አራት አጥፎ የሱሪው የኋላ ኪስ ውስጥ ከተተው።

እሑድ ሱሪውን አጠበችው።

ሰኞ ጠዋት እየሳቀች ነበር የነገረችኝ። «ስሚ፣ ፈታሿ ተዋረደች! ትናንት የባሌን ሱሪ ከነወረቀቱ አጠብኩት። ኪሱ ውስጥ እንደ ሊጥ ቦክቶ በጥፍሬ ነው ፍቄ ያወጣሁት።»

«የምን ወረቀት ነበር?»

«የጋዝ ደረሰኝ ነው አለኝ፤ ለፍሪጅ የሚሞሉት ጋዝ። ገንዘቡን ያስመልስበት ኖሮ ይሆናል፣ ፊቱ አመድ መሰለ። አሳዘነኝ፤ ይቅርታ አልኩት።»

ይቅርታ አለችው። ይሄን ባስታወስኩ ቁጥር ቆሽቴ ያራል። እሱም «ግዴለም» ብሎ ይቅርታዋን ተቀበለ።

ከዚያ በኋላ «ወደሚቀጥለው ወር እናድርገው» የሚል ነገር አመጣ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት። ሰለቻት። «ገንዘቡ እንደሆነ ሞልቷል፤ እኔ ሄጄ ቀን አስይዛለሁ» አለችኝ። ለአለቃችን ጥርሴን አመመኝ ብዬ አብሬያት ሄድኩ።

ክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ ግድግዳው በሙሉ የሕፃናት ፎቶ ነው። የምትቀበለው ልጅ ነጭ ካፖርት ለብሳለች፤ ኮሌታዋ ላይ የእኛ የቁጥር ወረቀት ከነመርፌ ቁልፉ ቀርቷል። ፈታሿ «ይቅርታ የኔ ቆንጆ፣ እንዳይወጋሽ» ብላ ጎንበስ አለችና ፈታችላት። ልጅቷ እየሳቀች አመሰገነች፣ ስሟን ጠየቀች፣ ኮምፒውተሩን ነካካች፤ ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«የማስቀመጫው ክፍያ አልተከፈለም።»

«ባለቤቴ ከፍሏል።»

«አልከፈሉም። ሦስት ጊዜ ተደውሎላቸዋል። ደብዳቤም ደርሷቸዋል፤ ይኸው ፈርመዋል።» ኮምፒውተሩን አዞረችልን። ፊርማው የሱ ነው፤ ቀኑ ሱሪውን ካጠበችበት እሑድ በፊት ያለው ሐሙስ ነው። «በውሉ መሠረት ከሠላሳ ቀን በኋላ ተወግዷል።»

ተወግዷል። እኛ እንኳ ሰው ረስቶት የሄደውን ልብስ ዓመት እናስቀምጣለን! አራት ዓመት የሞላው የሙሽራ ቀሚስ መጋዘናችን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ለመጣል እጃችን እምቢ ብሎ።

«የት ነው የጣላችኋቸው?» አለች ፈታሿ።

«ይቅርታ፣ አልገባኝም?»

«የት? ቦታው።»

«እሱን… የላብራቶሪ ሰዎች ናቸው የሚያውቁት» አለች ልጅቷ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እኔ መጮኽ ጀመርኩ። ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች ሳይቀር ተሳደብኩ መሰለኝ። ፈታሿ እጅጌዬን ይዛ ጎተተችኝ። «ተይ። እሷ ምን አደረገች?» ደረጃው ላይ ስንደርስ ተቀመጠች።

«የጋዝ ደረሰኝ» አለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጆቿን ዘርግታ ታያቸው ነበር። «ገና ሃያ ሰባት ቀን ነበረኝ። እጄ ውስጥ ነበር እኮ። በነዚህ እጆቼ ነው ያጠብኩት።»

የዚያን ቀን ማታ ቤት የተነጋገሩትን በኋላ ነግራኛለች። ባሏ የፍሪጅ ሞተር ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራት፤ አለቀሰም። «በረዶ ውስጥ ያለ ነገር ይጠብቃል ብዬ ነው» አላት።

«እነሱማ ጠበቁ» አለችው። ከዚያ «ብትነግረኝ እኔ ራሴ ነበር አውጥቼ የምሰጠው። ማስቀመጫዋን ብቻ ከፍዬ፣ ሌላውን በሙሉ ለወንድምህ እሰጥ ነበር» አለችው። ውሸቷን አይደለም፤ አውቃታለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ የድሮ ሰዎች። የዚህን ሰውዬ ዝምታ ግን አላዩትም።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ለእናቱ እውነቱን እንዲነግራቸው። «ቤት ቤት ሲሉኝ ሁለተኛ መስማት አልፈልግም። አንድ ቀን ብቻ፣ እኔ ባለሁበት፣ አንተ ተናገር» አለችው። «እሺ» አላት።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ እሑድ አማቷ ታናሹን ልጃቸውን አስከትለው ቤታቸው መጡ፤ ልጁ ክራንቹን ጥሎ በእግሩ እየሄደ። እኔም በአጋጣሚ እዚያው ነበርኩ። ብርቱካን በዘንቢል ይዘው፣ እያመሰገኑ፣ ትልቁን ልጃቸውን ግንባሩን እየሳሙ ገቡ። ልጁም በጠባቧ ክፍል ውስጥ ከፍሪጅ እስከ ፍሪጅ ተራመደላቸው። ደህና አድርጎ ነበር የሚራመደው። ፈታሿ እንኳ «እሰይ» አለች፤ ከልቧ ነው። እናትየው ተደላድለው ተቀመጡና ዙሪያውን እያዩ እንዲህ አሉ፦

«ቤቱን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ። ልጅ የላችሁ፣ ምን ያጣድፋችኋል?»

እሷ ባሏን አየችው። ተቆጥታም አይደለም፤ በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር ያየችው። እሱ የወንድሙን ጫማ ያያል። እኔ በሆዴ «በል እንጂ አንተ ሰው፣ በል!» እያልኩ ወንበሬን ጨበጥኩት።

«አዎ እማዬ» አለ። «እንደርስበታለን።»

እሷ ብርቱካን መላጥ ጀመረች። ልጣጩን ሳትበጥስ እስከ መጨረሻው ልጣ ለአማቷ ሰጠቻቸው።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ላውንደሪው እንደተከፈተ መጣች፤ ግን በሠራተኛ በር አልገባችም። በፊት ለፊቱ ገብታ ከባንኮኒው ወዲያ፣ ደንበኛ በሚቆምበት ቆመች። በክንዷ የያዘችውን የባሏን ሱሪ አስቀመጠችልኝ።

«ተቀበይኝ» አለች።

የቀለደች መስሎኝ «ለሠራተኛ በነጻ ነው እኮ» አልኳት።

«አልፈልግም። እከፍላለሁ።» ከፈለች።

«በማን ስም ልጻፈው?»

«ደንበኛ በይው» አለችኝ።

አርባ ሰባት ቁጥርን ጽፌ አያያዝኩበት። ዞራ ከኋላ ገባች፣ ሽርጧን አሠረች፣ ሱሪውን ከሌሎቹ ልብሶች ጋር ወሰደችው። ተራው ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈችው። የጎኑን ኪስ በሁለት ጣቷ ዳበሰች፤ ሌላኛውንም። የኋላው ኪስ ላይ ቆየች። ኪሱን ገልብጣ ከስፌቱ ጥግ አንዲት የደረቀች ነጭ የወረቀት ፍርፋሪ በጥፍሯ አወጣች፤ የሩዝ ፍሬ ታክላለች። ትንሽ ፌስታል ውስጥ ከታ፣ አርባ ሰባት ብላ ጽፋበት ወደ እኔ አመጣችው።

«ባለቤቱ ሲመጣ ስጪው» አለችኝ።

ሱሪውን እሷው አጥባ፣ ተኩሳ፣ ከሌሎች ደንበኞች ልብስ ጋር ሰቀለችው። ከርሟል፤ ፌስታሏም መሳቢያዬ ውስጥ ናት። እስካሁን ሊወስድ የመጣ የለም።